አባትየው «አቁም!» እስኪል ድረስ

በፊልሙ መሃል አንድ ልጅ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ለእናቱ ይዘፍናል። ብዙ ዓመት ከቤት ጠፍቶ ነው የመጣው። ዘፈኑን ገታ አድርጎ «ወደድሽው እማዬ?» ይላታል። ከዚያ ወሬው ቀጠለ። ትርኢቱ ከተሳካልኝ ከዚህ ሰፈር አወጣሻለሁ ይላታል። ብሮንክስ እንገባለን፣ እዚያ ሣር አለ፣ የምታውቂያቸው ሰዎችም እዚያ ናቸው። ጥቁር የሐር ቀሚስ እገዛልሻለሁ፣ የሥጋ ሻጩ ሚስት በቅናት ትቃጠላለች። እናትየው ታፍራለች፣ ትስቃለች፣ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። ልጁ እንደገና ፒያኖውን ይመታል፤ አሁን ዘፈኑን አፍጥኖታል። በዚህ መሃል አባት በሩን ከፍቶ ይገባል። የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አቁም!»

ከዚያ ንግግሩ ጠፋ። ሙዚቃው ቀረ፣ ከንፈሮች ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ተመልካቹ እንደ ድሮው በሸራው ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ወደ ማንበብ ይመለሳል።

ፊልሙ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ይባላል። ልጁን ሆኖ የተጫወተው አል ጆልሰን ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኦክቶበር 6 ቀን 1927 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ብዙ ሰው «የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም» ይለዋል። እንደዚያ ማለት ትንሽ ያስቸግራል። ከሱ በፊትም ድምፅ የተቀዳባቸው አጫጭር ፊልሞች ነበሩ። ይሄኛው ራሱ አብዛኛው ድምፅ አልባ ነው። ሰዎቹ ሲነጋገሩ የሚሰማው ሁሉ ቢደመር ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ግን በነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ምክንያት ድምፅ አልባው ፊልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞተ። ከነዚያ ደቂቃዎች የሚበዛው ደግሞ ልጅ ለእናቱ የሚያወራው ነው።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ይህን ክፍል ስመለከት የማስበው ስለ ሲኒማ ታሪክ አይደለም። የማስበው ስለ ስልክ ነው። ከአገሩ ወጥቶ እናቱን ትቶ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ይህን ንግግር ያውቀዋል። «እማዬ ትንሽ ታገሺኝ፣ ከዚያ ቤት አወጣሻለሁ።» ብሮንክስን በኮንዶሚኒየም ቀይሩት፣ የሐር ቀሚሱን በሀበሻ ቀሚስ። የጎረቤቷ ቅናት እንኳን አልቀረም። ልጁ የሚናገረው በጣም ፈጥኖ ነው፣ ትንፋሽ አይወስድም። ቃል የሚገባ ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው። ቆም ካለ ቃሉን ማን እንደሚፈጽመው ማሰብ ይጀምራል።

ጆልሰን በእውነተኛው ሕይወቱ ይህን ሊላት የሚችል እናት አልነበረችውም። ገና ልጅ ሳለ ነው የሞተችበት።

ሲወለድ ስሙ አሳ ዮኤልሰን ነበር። የተወለደው ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ሊትዌኒያ፣ ሴሬድዡስ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። የልደት ቀኑን በትክክል አያውቅም ነበር፤ ሲያድግ ሜይ 26 ቀን 1886 ብሎ ራሱ መረጠ። የልደት ቀኑን ፎርም ሲሞላ የመረጠ ሰው እኛም ዘንድ ሞልቷል። አባቱ ሞሼ ዮኤልሰን ረቢና ካንቶር ነበሩ። ካንቶር ማለት በምኩራብ ጸሎቱን በዜማ የሚመራ ሰው ነው። አባትየው በ1891 ቀድመው አሜሪካ ገቡ፣ ዋሽንግተን ምኩራብ ውስጥ ሥራ አገኙ፣ ቤተሰቡን በ1894 አስመጡ። ሚስትየው ናኦሚ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። በ1895 መጀመሪያ ላይ አረፉ። አሳ ያኔ ስምንት ዓመት ገደማ ነበር።

የኖሩት ሳውዝዌስት በሚባለው የከተማዋ ክፍል ነው። ያ ሰፈር ዛሬ የለም። የድሮዎቹ ቤቶች በ1950ዎቹ በመልሶ ማልማት ስም ፈርሰዋል። በዚያን ጊዜ ግን አይሁዶችም ጥቁሮችም አይርላንዶችም እየተጠጋጉ የሚኖሩበት የድሃ ሰፈር ነበር። እናታቸው ከሞቱ በኋላ አሳና ታላቅ ወንድሙ ሂርሽ ጎዳና ላይ እየዘፈኑ ሳንቲም ይለቅሙ ጀመር። ስማቸውንም አል እና ሃሪ አሉት። አባት ልጆቹን ለምኩራብ ዜማ ነበር የሚያሠለጥኗቸው። ልጆቹ ግን ከቤት እየጠፉ ወደ ሰርከስና ወደ ቲያትር ቤት ይሄዳሉ። አል ለጥቂት ጊዜ ባልቲሞር ያለ የወንዶች ልጆች ማሳደጊያ ውስጥም ገብቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፤ ካወቅሁት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ናኦሚ በሞቱበት በዚያው የብርድ ወራት፣ በዚያችው ከተማ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1895 ፍሬድሪክ ዳግላስ ሞተ። ቤቱ ከሳውዝዌስት ወንዙን ተሻግሮ ካለው ኮረብታ ላይ ነው፤ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል። ዳግላስ ከባርነት አምልጦ የጥቁሮች ትልቁ ድምፅ የሆነው ሰው ነው። በ1848 በራሱ ጋዜጣ ላይ ፊታቸውን አጥቁረው ስለሚዘፍኑ ነጮች ጽፏል። የነጭ ኅብረተሰብ ቆሻሻ ዝቃጭ ናቸው አላቸው። የቆዳችንን ቀለም ሰርቀው ገንዘብ ይሠሩበታል አለ። ይህ የተጻፈው ጆልሰን ከመወለዱ ወደ 40 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው።

ጆልሰን ኮከብ የሆነው ፊቱን አጥቁሮ ነው።

በ1904 ገደማ ነው የጀመረው። ቡሽ ይቃጠላል፣ አመዱ በውሃ ይታሻል፣ ፊት ላይ ይቀባል። አፍ አካባቢ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ እጅ ላይ ነጭ ጓንት ይጠለቃል። «ሚንስትረል» የሚባለው ትርኢት ከ1830ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። ነጭ ተዋናዮች ጥቁሩን ሰው ሞኝ፣ ሰነፍ፣ ሁልጊዜ የሚስቅና የሚዘል አድርገው ያሳዩበታል። ጆልሰን በዚህ መልክ ከተማ ለከተማ ዞረ። በ1911 የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ባሉበት በብሮድዌይ፣ በዊንተር ጋርደን ቲያትር ታየ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አላቆመውም። በ1921 ኒውዮርክ ውስጥ ቲያትር ቤት በስሙ ተሰየመለት። ተመልካቹ መሃል ድረስ የሚዘልቅ መድረክ ላይ እየሮጠ፣ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቶ፣ ስለ እናት ይዘፍናል። ያ እንባ የሚያስመጣ ድምፅ ከየት መጣ ብትሉ መልሱ ሩቅ አይደለም። የአባቱ ነው። የምኩራቡ ዜማ፣ ያ ተንቀጥቅጦ የሚወጣው ልመና፣ በእንግሊዝኛ ዘፈን ውስጥ ገብቶ ነው።

ቤተ ክህነት አጠገብ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኛም ዘንድ ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥቶ ማይክ የጨበጠ ብዙ ነው። ድምፁ ከየት እንደመጣ የሰማ ሁሉ ያውቃል። አባት ወይም የኔታ የማይረሱት ቅሬታም አብሮ አለ።

ሳምሶን ራፋኤልሰን የሚባል የኮሌጅ ተማሪ በ1917 ኢሊኖይ ውስጥ ጆልሰንን መድረክ ላይ አየው። እሱም አይሁዳዊ ነበርና የሰማው የካንቶር ድምፅ እንደሆነ ወዲያው ገባው። አጭር ልብ ወለድ ጻፈ፣ በ1922 ታተመ። በ1925 ደግሞ ቴአትር ሆነ። ታሪኩ የአንድ ካንቶር ልጅ ነው፤ ያንን አገልግሎት በቤተሰቡ ትውልድ ለትውልድ ተቀባብለውታል። ልጁ ግን ዘፋኝ መሆን ይፈልጋል፣ አባቱ ይገርፉታል፣ ከቤት ይጠፋል። ሲመለስ ትልቁ የብሮድዌይ ትርኢቱ የሚከፈተው በስርየት ቀን ዋዜማ ሆኖ ይጠብቀዋል። ዮም ኪፑር ነው፣ ቤተ እስራኤል አስተስርዮ የሚሉት። አባቱ ሞት አልጋ ላይ ናቸው። «ኮል ኒድሬ» የሚባለውን የዋዜማውን ጸሎት ማን ይዘምር?

ቴአትሩ ላይ የተጫወተው ሌላ ሰው ነበር፣ ጆርጅ ጄስል ይባላል። ፊልሙ ላይም እሱ ነበር የታሰበው። በውል ሳይስማሙ ቀሩና ዕድሉ ለጆልሰን ደረሰ። ሰባ አምስት ሺህ ዶላር ተከፈለው።

ፊልሙን የሠሩት የዋርነር ወንድማማቾች ናቸው፣ እነሱም ከፖላንድ የመጡ አይሁዶች ልጆች። ያኔ ስቱዲዮአቸው ከትልልቆቹ ተርታ አልነበረም። ድምፅን ሲያስገቡም ሐሳባቸው ሰው እንዲያወራ አልነበረም። የፈለጉት ሙዚቃ ነው። ትልልቅ የከተማ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን የሚያጅብ ኦርኬስትራ አላቸው፣ የገጠሮቹ የላቸውም። ሙዚቃው በሸክላ ተቀድቶ ቢላክላቸውስ? መሣሪያው ቪታፎን ይባላል። ሸክላው ትልቅ ነው፣ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከመሃል ወደ ውጭ ነው የሚጫወተው። ሸክላውንና ፊልሙን የሚያሽከረክረው አንድ ሞተር ነው። አንዱ ሸክላ 11 ደቂቃ ያህል ይይዛል፣ ልክ እንደ አንዱ የፊልም ጥቅል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው መርፌውን ምልክቱ ላይ ማሳረፍ አለበት። ፊልሙ ተበጥሶ ጥቂት ምስል ከጎደለ ድምፁና ከንፈሩ ይለያያሉ። ሲቀረጽ ደግሞ የካሜራው ጩኸት እንዳይቀዳ ካሜራውን ከነባለሙያው ድምፅ በማያስወጣ ሳጥን ውስጥ ይዘጉበታል። እርማት የሚባል ነገር የለም። የተሳሳተ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጭንቅ መሃል ነው ጆልሰን በዘፈኖቹ መካከል እንደ ልማዱ ማውራት የጀመረው። በመጀመሪያ ካፌው ውስጥ ነው። አንዱን ዘፈን ጨርሶ ሰው ሲያጨበጭብ «ቆይ፣ ቆይ! ገና ምንም አልሰማችሁም!» አለ። መድረክ ላይ ለዓመታት የሚላት አባባል ናት። ከዚያ የእናትየው ትዕይንት መጣ።

ከወንድሞቹ ሁሉ በድምፅ የሚያምነው ሳም ዋርነር ነበር። ሥራው የሱ ልፋት ነው። ፊልሙ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኦክቶበር 5፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ40 ዓመቱ ሞተ። ወንድሞቹ ወደ ቀብሩ ስለሄዱ ኒውዮርክ ላይ አንዳቸውም አልነበሩም። የፊልሙ ቀን ሆን ተብሎ ነበር ከዮም ኪፑር ጋር እንዲገጥም የተደረገው። ሳም የሞተው በዋዜማው ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልመለስ።

ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ልጁ መልበሻ ክፍል ተቀምጦ ፊቱን ያጠቁራል። ቅባቱን፣ ከዚያ የሱፍ ጸጉሩን። መስታወት ያያል፣ መስታወቱ ውስጥ ምኩራቡ ይታየዋል። እናቱ መጥታ ልትለምነው በሩ ላይ ስትቆም የምታየው ያንን ጥቁር ቀለም ነው። ይህን ክፍል ሳይ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሰማኛል። የልጁ ሐዘን እውነት ነው፣ ይገባኛል። ያ ፊት ደግሞ የኔ ነው። የኔ ፊት እዚያ ላይ ዕቃ ነው። ይለበሳል፣ ይወልቃል፣ በፎጣ ይጠረጋል።

ስለ ጆልሰን የሚጽፉ ሰዎች ሁለት መከላከያ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው «ጊዜው ነው» የሚል ነው። ይህን አልቀበለውም። ዳግላስ በ1848 የጻፈውን አስታውሱ። ጊዜው ውስጥ ጥቁሮችም ነበሩ፣ ያዩትን ያውቁ ነበር፣ ይናገሩም ነበር። «ጊዜው» ሲባል የነጮቹ ጊዜ ብቻ ከተቆጠረ ነው አባባሉ የሚሠራው።

ሁለተኛው መከላከያ የበለጠ ረቂቅ ነው። ጭምብሉ ነጻ አወጣው ይላል። አይሁዳዊው ስደተኛ በራሱ ፊት አልቅሶ ቢዘፍን ኖሮ አሜሪካ አትሰማውም ነበር፤ በሌላ ስደት፣ በሌላ ሰው ሐዘን ውስጥ ተሸሽጎ የራሱን አለቀሰ። ይህ የሚያሳምን ይመስላል። መድረክ ላይ ያለውን ጆልሰን በተመለከተ ምናልባት እውነትነት አለው። ፊልሙ ራሱ ግን ያፈርሰዋል። እናቱን የሚያወራበትን ትዕይንት ድጋሚ እዩት። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ካፌው ውስጥም «ገና ምንም አልሰማችሁም» ሲል በራሱ ፊት ነው። ሰዎችን ከመቀመጫቸው ያስነሣቸው፣ ድምፅ አልባውን ፊልም የገደለው፣ ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየው ነገር ሁሉ የተሠራው ያለ ቡሽ አመድ ነው። አላስፈለገውም። ካሜራው ጠጋ ብሎ ሲያየው፣ ማይክሮፎኑ ሲሰማው፣ የካንቶሩ ልጅ እንዳለ በቂ ነበር። ይህን ማየት ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ የተረዳው አይመስለኝም። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተቀባው።

ጆልሰን ጥቁሮችን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ሳን ፍራንሲስኮ ሆቴል ውስጥ ይሠራ የነበረው ጥቁሩ ጋርላንድ አንደርሰን ቴአትር ጽፎ ድጋፍ ሲጠይቅ ወደ ኒውዮርክ የሚሄድበትን የከፈለለት ጆልሰን ነው። ቴአትሩ በ1925 ብሮድዌይ ላይ ታየ። ዩቢ ብሌክና ኖብል ሲስል የሚባሉት ሙዚቀኞች ጥቁር በመሆናቸው አንድ ምግብ ቤት አላስተናግድም ብሎ መለሳቸው። ጆልሰን ጋዜጣ ላይ አንብቦ፣ ሳያውቃቸው ፈልጎ አገኛቸውና እራት ጋበዛቸው። ሰውየው ደግ ነበር። ደግ ሰው ያንን ቀለም ለብሶ ሀብታም መሆኑ ነገሩን ቀላል አያደርገውም። እንዲያውም ያከብደዋል።

በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ኒውዮርክ፣ ሌላም ስደተኛ ነበር። በርት ዊሊያምስ ይባላል። በ1874 ባሃማስ፣ ናሶ ከተማ ተወለደ። ጥቁር ነው። ከ1910 ጀምሮ በብሮድዌይ ትልቁ ትርኢት ከነጮች እኩል መድረክ ላይ ሲወጣ ከተዋናዮቹ አንዳንዶቹ እንለቃለን ብለው ነበር። ሰውየው ግን ከሁሉም በላይ ያስቅ ነበር። ቆዳው ቀላ ያለ ስለነበር ተመልካች ፊት ሲቀርብ እሱም በቡሽ አመድ ይጠቁር ነበር። ጥቁሩ ሰው ጥቁር ለመምሰል ይቀባል። ጆልሰን አመዱን ሲያጥበው የሚገባበት ሆቴል ነበረው። ዊሊያምስ ሲያጥበው ያው ጥቁር ነው፤ ብዙ ሆቴሎች በዋናው በር አያስገቡትም። ማርች 1922 ሞተ። ድምፅ ያለው ፊልም ከመምጣቱ አምስት ዓመት በፊት። ሸክላ አስቀርጿል፣ ድምፁ አለ። ፊልም ላይም ምስሉ አለ። ሁለቱ ግን አልተገናኙም።

ስለ ጆልሰን ቀሪ ሕይወት ብዙ አልልም። በ1928 የሠራው ፊልም ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ገንዘብ አመጣ። በ1930ዎቹ ግን ያ ትልቅ የመድረክ ድምፁ ለማይክሮፎን ዘመን ከባድ ሆነ፤ ለስለስ ብለው የሚዘፍኑት ቦታውን ወሰዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች ሲዘፍን ታሞ ሳንባው ተጎዳ። በ1950 እንደገና ኮሪያ ሄደ። ከዚያ በተመለሰ በጥቂት ሳምንታት፣ ኦክቶበር 23፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሆቴል ውስጥ በልብ ሕመም አረፈ። አብዛኛውን ሀብቱን ለአይሁድ፣ ለካቶሊክና ለፕሮቴስታንት በጎ አድራጎት ሦስት ቦታ እኩል አካፍሎ ነው የሄደው። አባቱ ረጅም ዕድሜ ኖረው እስከ 1940ዎቹ ነበሩ። ልጃቸው ዓለም ሲያጨበጭብለት አይተዋል።

ስለ ፊልሙ መጨረሻ ግን አንድ ነገር ልበል። ቴአትሩ ላይ ልጁ መድረኩን ትቶ ምኩራብ ውስጥ ይቀራል። ፊልሙ ይህን አልወደደውም። ልጁ «ኮል ኒድሬ»ን ዘመረ፣ አባት በመስኮት እየሰሙ ሞቱ። ከዚያ ወዲያው ዊንተር ጋርደን መድረክ ላይ ነው፣ እናቱ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ እሱ ፊቱን አጥቁሮ ተንበርክኮ ስለ እናት ይዘፍንላታል። ሁለቱንም አገኘ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል። እኔ ይህን መጨረሻ አላምነውም። እናትየው ልጇን አገኘች እንዳንል የምታየው ፊት የልጇ አይደለም። ፒያኖው አጠገብ የቀመሰችው ያ ሁለት ደቂቃ ይበልጣል፤ እዚያ ላይ እያያት ነበር፣ በራሱ ዓይን፣ ቃል እየገባላት።

ፊልሙ ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። የበርት ዊሊያምስም አለ። በ1913 ተቀርጾ ሳያልቅ የቀረ ፊልም ነው። ጥቅሎቹ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጠው ቆይተው ተጠግነው በ2014 ለሕዝብ ታዩ። ከተዋናዮቹ ሁሉ የቡሽ አመድ የተቀባው ዊሊያምስ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጥቁሮች በራሳቸው ፊት ይጨፍራሉ፣ ይሽኮረመማሉ፣ ይስቃሉ። ዊሊያምስ የወደዳትን ሴት ሲስማት ተመልካችን ለማሳቅ አይደለም፤ በእርጋታ ነው የሚስማት። ሁለቱን በአንድ ምሽት አስከትላችሁ እዩ። የዊሊያምስን ግን አስቀድሙ።